ሦስት ጊዜ ስለተመረቀችው የሶላር ፓምፓችን

ለክቡር የቆላ ቀበሌዎች የፀሐይ ኃይል ማስተዋወቂያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ አላህ ጤናዎን እንዲጠብቅልን፣ ወንበርዎን እንዲያጸናልን፣ በዚህ በቆቦ ሐሩርም የቢሮዎን ማራገቢያ ከመብራት መቆራረጥ እንዲሰውርልን እየለመንኩ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ኡሙሃኒ ዘይኑዲን እባላለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሳይንስ አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ ከባለቤቴ ከመህዲ ጋር ከቆቦ ወደ ዋጃ በሚወስደው መንገድ ዳር ሽንኩርት አለማለሁ። በጽሕፈት ቤትዎ መዝገብ ላይ «ሞዴል ሴት አርሶ አደር» ተብዬ ተመዝግቤያለሁ። ይህንን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌም ምስጋናዬ በዝቶ ፖስታ ስላልበቃው ነው።

ባለፈው ዓመት የናፍጣ ወረፋ ቢያታክተን ግመሎቻችንን ሸጠን የሶላር ፓነሎችና አንድ ፓምፕ ገዛን። ጥር ላይ ከጉድጓዳችን አፍ ተተክላ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ውሃ ስትስብ ዋለች። መህዲ ቦዩ ውስጥ እግሩን ነክሮ እንደ ልጅ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። በናፍጣ ሞተር በርበሬ የሚያለማው ጎረቤታችን ሙሉጌታም እንደኛው ሊገዛ ቆርጦ ነበር። ደስታችን እስከዚህ ድረስ ምንም እንከን ያልነበረው፣ ጽሕፈት ቤትዎ ገና ስላልሰማ ነው።

አንደኛ፤ ባለሙያዎችዎ መጥተው፣ ፓምፒቱ ሳትመረቅ ሥራ መጀመሯ አግባብ እንዳልሆነ በትሕትና አስረዱን፤ እንግዳ መጥቶ እስኪከፍታትም ጠፍታ እንድትቆይ አዘዙ። ለአራት ሰዓት የተቀጠሩት እንግዳ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ደርሰው፣ ፀሐይዋ ተራራው ጀርባ ልትገባ ስትል ማብሪያውን ተጫኑ። ውሃው ጠብ፣ ጠብ አለ። ተጨበጨበ። ባለሙያውም ማስታወሻው ላይ «አቅሟ ደካማ ነው» ብሎ አሰፈረ። በፀሐይ የሚሠራ ነገር ፀሐይ ሳለች ቢጎበኝ ምን ይመስላችኋል ብዬ ብጠይቅ፣ «ቲቸር፣ አስተያየት በፕሮግራሙ መጨረሻ ላይ ነው» አለኝ። የፕሮግራሙ መጨረሻ ሲደርስ ግን መሽቶ ነበር።

ሁለተኛ፤ በሁለተኛው ምረቃ እንግዶቹ በቀትር መምጣታቸውን ሳላመሰግን ባልፍ ውለታ ቢስ እሆናለሁ። ችግሩ ባነሩ ነው። «ፀሐይ ለሁሉም!» የሚል ሰፊ ባነር አምጥታችሁ፣ ሌላ መስቀያ ስላልተገኘ ፓነሎቹ ላይ ዘረጋችሁት። ፓምፒቱ ሳትነሣ ቀረች። ባነሩን ላንሣው ብዬ እጄን ስሰድ ፎቶ አንሺው፣ «እናቴ፣ ጽሑፉን አይሸፍኑት» ብሎ መለሰኝ። በዚያ ቀን የተጻፈው «ቴክኖሎጂው ከአካባቢው የአየር ጠባይ ጋር አይጣጣምም» የሚል ነው። ማምሻውን ሙሉጌታ ቤታችን መጥቶ ብዙ ካንገራገረ በኋላ፣ «ኡሙሃኒ፣ ሶላሩስ መልካም ነው፤ ምረቃውን ግን አልችለውም» አለኝና መግዛቱን ተወው። ሊገዙ የነበሩ ሌሎች ጎረቤቶችም እሱን አይተው ተዉት።

ሦስተኛውን በአጭሩ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ይታገሡኝ። ከሁሉም የሚበልጥ እንግዳ ይመጣሉ ተባለና የማብሪያው ሳጥን በሪባን ታስሮ በማኅተም ታሸገ። ጊዜው ሽንኩርቱ ራስ የሚቋጥርበት፣ አንድ ቀን ውሃ ቢያጣ የሚኮራመትበት ነበር። በየማለዳው እደውላለሁ፤ በየማለዳው «ቲቸር፣ አይጨነቁ፣ ነገ ናቸው» እባላለሁ። መህዲ ከሱብሒ ሶላት መልስ አፈሩን በጣቱ ወጋ ያደርግና ይመለሳል። በስምንተኛው ቀን ምሳውን ገፋ አድርጎ፣ «ልቁረጠውና ልታሰር» አለኝ። እኔ ነኝ የከለከልኩት። ማኅተም ፈራሁ። ፀሐይ የማንም አይደለችም እያልኩ ስንት ልጅ ያስተማርኩ ሴት፣ ፀሐይ አናቴ ላይ ቆማ ፈቃድ ስጠብቅ በራሴ አፈርኩ።

በዘጠነኛው ቀን ሙሉጌታ ሞተሩን በጋሪ ጭኖ ከች አለ። ለበርበሬው ያስቀመጠውን ናፍጣ ይዞ ነው የመጣው። የአንተስ በርበሬ ብዬ ብጠይቀው፣ «አብሽሪ፣ በርበሬ እንደ ሽንኩርት አይደለም፤ ይታገሣል» ብሎ ሞተሩን አስነሣው። ማሳውን አጋምሶ ሳይጨርስ፣ የምረቃውን ቦታ ሊያዩ የመጡ ባለሙያዎችዎ ደረሱ። ማታውኑ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈልኝ፤ «ሞዴል አርሶ አደር ሆነው በናፍጣ ሲያጠጡ መገኘትዎ የጽሕፈት ቤቱን ገጽታ የሚያበላሽ ነው» ይላል። ፊርማውም ማኅተሙም የእርስዎ ነው። ከመጻፍዎ በፊት ማሳውን መጥተው አለማየትዎ ጊዜ ቆጥቦልዎታልና ደስ ብሎኛል።

በአሥረኛው ቀን፣ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ማጭድ ይዤ ወጣሁ። «ቢስሚላህ» አልኩና ሪባኑን ከነማኅተሙ ቆረጥኩት። ንግግር አልነበረም። መህዲ ቦዩን ቀደደ፤ ሙሉጌታ ግራሩ ሥር ቁጭ ብሎ እስከ አሥር ሰዓት ውሃውን ሲያይ ዋለ፤ ከዚያም ተነሥቶ ሄደ።

ከሽንኩርቱ የተረፈልን ከግማሽ ያነሰው ነው። ሌላው ለከብት ሆነ። እንግዳዎ በአሥራ ሦስተኛው ቀን መጡ፤ ፓምፒቱን እየሠራች ስላገኟት፣ እንዲያበሯት በቅድሚያ እንዳጠፋት ታዘዝኩ። አጠፋሁ። አበሯት። ተጨበጨበ።

አሁን ደግሞ ጽሕፈት ቤትዎ በአካባቢያችን ሶላር ያልተስፋፋው «በኅብረተሰቡ የግንዛቤ እጥረት» መሆኑን በጥናት ደርሶበት፣ የሦስት ቀን ሥልጠና እንዳዘጋጀልን ሰማሁ። ግንዛቤያችን ስላሳሰበዎት ከልብ አመሰግናለሁ። የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከሞዴልነቴ ያንሡኝ። ሽንኩርት ማልማት እፈልጋለሁ።

የጽሕፈት ቤትዎን ጥላ ከራሳችን ላይ በጥቂቱ ፈቀቅ ቢያደርጉልን ውለታዎን የማልረሳ፣ ታዛዥዎ ሆኜ ለታዘዝኩት ሁሉ ዋጋ የከፈልኩ፣

ኡሙሃኒ ዘይኑዲን
ጡረተኛ መምህርት

ማስታወሻ፦ በሪፖርትዎ ላይ በቀበሌያችን የሶላር ፓምፕ ተጠቃሚ አንድ ሰው ብቻ እንደሆነ ተጽፏል። ቁጥሩ ስሕተት ነው፤ ነገር ግን አላርምልዎትም። ካለፈው ወር ወዲህ ገዝተው የተከሉት ጎረቤቶቼ ግማሾቹ በቁርኣን፣ ግማሾቹ በመስቀል ስማቸውን ለእርስዎ እንዳልናገር አስምለውኛል። በጆሮ እንፈልጋቸው ብላችሁም አትድከሙ፤ ፓምፖቹ ድምፅ የላቸውም።