የቀኝ እጅ ጓንት

ይድረስ ለወንድሜ ለጀርቬስ፣ ብሪስቶል። በመካከላችን ያለው ባሕር ሰላምታዬን ሳያረጥብ ያድርስልህ። እኛ በቨርጂኒያ ደህና ነን፤ ትምባሆው አምሯል። ባሌ ሌሙኤልም «አባቴ እንደ ሌሎቹ በወንጀል ተግዞ ሳይሆን ወዶ የመጣ የመኳንንት ልጅ ነው» እያለ ፎክሮ ለምክር ቤት ተመረጠ።

አባቱ ግን በዚህ ሐሩር የቀኝ እጃቸውን ጓንት አያወልቁም። «አባባ፣ ለምግብ እንኳ ያውልቁት» ብላቸው፣ «አንቺ ቂጣሽን ብዪ!» ብለው ተቆጡኝ።

ባሌ ያቀረበው የመጀመሪያ ሕግ ምን መሰለህ? ምስክር ችሎት ፊት ባዶ መዳፉን አንስቶ መማሉ ይቅር፣ መጽሐፍ ቅዱስ መሳም ይበቃል የሚል ነው። ምን አስቸኮለው?

ልጆችህን ሳምልኝ። አንተ የፍርድ ቤት ሰው ነህና እንዲያው ለወሬ ያህል ንገረኝ፦ እናንተ ዘንድ ሌባ በጋለ ብረት የሚተኮሰው የትኛው እጁ ላይ ነው?

ዛሬ በባሌ ቤተሰብ ስም የምጠራዋ እህትህ፣ ታቢታ