ወደ መቂ የሚመለሰው ሳጥን

ኑሪ ወዳጄ፣

ልደታ ኮንዶሚኒየም ሥር፣ አንድ አትክልት ቤት በራፍ ላይ ቆሜ በንዴት ነው የምጽፍልህ። ባለሱቋ ዙሃራ ቲማቲም ስትመርጥ መርፌ የወጋው የሚመስለውን እየለየች ባዶ ሳጥን ውስጥ ትወረውራለች። አንዱን ፈልቅቄ ሳየው ያው መቂ ላይ ማሳችንን የጨረሰው ቱታ የሚሉት ትል ነው። በሳጥኑ ስንጥቅም ነጭ ድር ለብሶ ተኝቷል፤ ነገ የእሳት እራት ሆኖ ሊበር።

«ይሄ ወዴት ነው የሚሄደው?» አልኳት።

«በአይሱዙ ወደ መቂ ይመለሳል፤ የተበላው ለከብት ይሆናል።»

«ሳጥኑ ሳይታጠብ?»

«ባለቤቶቹ ጠይቀው አያውቁም» አለች፣ ምንም ሳይመስላት።

እኛ የተበላ ፍሬ ጉድጓድ ቆፍረን እንቀብራለን፤ ከዚህ ግን ተሳፍሮ ይመለሳል። ቱግ ብዬ ልናገራት ስል፣ የሳጥኑ ጎን ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈውን የአንተንና የእኔን ስም አየሁ። በየጠዋቱ ወጥመድ ውስጥ የገባውን የእሳት እራት እየቆጠርን፣ «ከጎረቤታችን ከበሱፍቃድ ማሳ ነው የሚመጣብን» ብለን ሰውየውን ሽማግሌ ፊት አቆምነው፤ እኛው እያመጣነው።

የምጽፍበት ፖስት ካርድ ሞላብኝ። እናትህን ሳምልኝ። ግቢ ያሉት ሳጥኖች ላይ ይህ እንደደረሰህ የፈላ ውሃ ድፋባቸው። በሱፍቃድ ጋ ግን ለይቅርታ ብቻህን እንዳትሄድ፤ ስንከሰው አብሬህ ነበርኩ።

ሰሚር