«አቋረጠች» ስለተባለችው እህቴ

ይድረስ ለተከበሩ የሴቶች የአንድ ቀን የብስክሌት ውድድር አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እሑድ ዕለት ፀሐይ ላይ የቆሙት ሽልማት ለመስጠት ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ራስዎን እንዳላመመዎት ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በመድረሻው ላይ በአየር የሚነፋውን ቅስት ከሚያቆሙትና ከሚያነሡት የቀን ሠራተኞች አንዱ ነኝ። ከአገሬም ከአራተኛ ክፍልም በጊዜ የወጣሁ ስለሆንሁ፣ ቃል ባጠፋ እንዳይቆጡኝ አስቀድሜ እማጸናለሁ።

አንደኛ፣ የቡድኗ መሪ ጎማ በፈነዳ ጊዜ የገዛ ጎማዋን ፈትታ የሰጠችውና መለዋወጫ የሚያመጣላት መኪና እስኪደርስ መንገድ ዳር የቀረችው ብስክሌተኛ ታላቅ እህቴ ናት። መሪዋ በዚያ ጎማ አንደኛ ወጥታ፣ ከእርስዎ እጅ አበባ ተቀብላለች። ጎማችን ከእርስዎ ጋር ፎቶ ስለተነሣ ቤተሰባችን ኮርቷል።

ሁለተኛ፣ ለኋለኞች የተፈቀደው ሰዓት ገና ሳያልቅ፣ ቅስቱ ለወንዶቹ ውድድር ስለሚፈለግ ቶሎ እንዲነሣ አዘዋል። አለቃችን፣ የቀሩት ሴቶች እንደሆኑ ለራት ይደርሳሉ ብሎ አሳቀን፤ እኔም እንዳልባረር ፈርቼ አብሬ ሳቅሁ። አየሩን አስተነፈስን። እህቴ ስትደርስ አስፋልቱ ላይ የቀረው ነጩ መስመር ብቻ ነበር። አልፋው ሄደችና ተመልሳ፣ ማሙሽ ብላ ጠርታ፣ መጨረሻው የት እንደሆነ ጠየቀችኝ። የማጥፈውን ጨርቅ አሳየኋት። ከብስክሌቷ ወርዳ አንዱን ጫፍ ያዘችልኝ።

ሦስተኛ፣ በለጠፉት ውጤት ላይ ከስሟ ጎን «አቋረጠች» ይላል። ቡድኗ ደግሞ ያቋረጠችን ለከርሞ አያስፈርምም። ክቡር ሆይ፣ እውነትዎን ነው፤ ቆሜ አይቻለሁ፣ አቋርጣለች። ነገር ግን ጸሐፊዎ ከችኮላ የተነሣ አንዲት ቃል ስለዘለሉ፣ ከፊቱ «መስመሩን» የሚል ይጨመርልኝ። ለቃሏ የሚሆን ቀለም ካነሰ፣ እስክሪብቶ ይዤ እመጣለሁ።

ቅስትዎን ቀጥ አድርጎ የሚያቆምልዎት፣ ባዘዙም ጊዜ የሚያስተነፍስልዎት፣
የእህቱ ማሙሽ

ከፊርማ በኋላ፦ ክቡርነትዎ ለመጨረሻዋ ብስክሌተኛ ምንም አላዘጋጁም የሚሉ ሰዎች ይዋሻሉ። ቅስቱ ሲተነፍስ ድምፁ ከሩቅ ጭብጨባ ይመስላል። እህቴ ከመጨረሻው ኩርባ ላይ ሆና ሰምታው፣ ለእኔ ነው ብላ ፍጥነት ጨምራ ነበር።