አባቴን ከመደቡ ያስነሣቸው ነገር

ማክሰኞ፣ ሰኔ 9

ታላቅ ወንድሜ ከሞተ ወዲህ አባቴ ሞፈር አልነኩም። ጎረቤቶቻችን ገብሳቸውን ዘርተው ጨርሰዋል፤ የእኛ ማሳ ግን ገና አልታረሰም። እናቴ ለመነቻቸው፣ የነፍስ አባታችንም መከሯቸው። በተለመኑ ቁጥር ግን መደቡ ላይ ይበልጥ ተጣበቁ።

ዛሬ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስወጣ፣ «አባ፣ አንቱ ይረፉ። መሬቱን ለእኩል አራሽ እንስጠው» አልኳቸው።

ቀና አሉ። «ለማን?»

«ለአያ ደምሴ። እሱ ጉልበት አለው።»

«ትልሙ እንደ እባብ ለሚጠማዘዘው ደምሴ? እኔ ሳልቀበር?»

«አንቱማ ደክመዋል፤ አይችሉም።»

ቀንበራቸውን ተሸክመው፣ በሬዎቹን ነድተው ወጡ። የሚለምናቸው ሰው ሁሉ ሐዘናቸውን ሊቀማቸው የመጣ ይመስላቸው ነበር መሰለኝ። እኔ ግን የነካሁት ሐዘናቸውን ሳይሆን የእጃቸውን ሙያ ነው።

ማታ እግራቸው ጭቃ እንደሆነ ገቡ። እራት ላይ አዩኝና፣ «አንተስ ከወንድምህ ወዲህ መጽሐፍ ገልጠህ አላየሁም። ተወው ልጄ፤ ፈተና የጎበዝ ነው» አሉኝ።

ደሜ ፈላ። ብልሃቱን አውቀዋለሁ፤ ጠዋት የሠራሁባቸው እኔው ነኝ። ቢሆንም ይኸው የሒሳብ መጽሐፌን ገልጬ ተቀምጫለሁ፤ ሳልጨርሰው አልተኛም።