«ታምነዋለህ?»

እሑድ፣ ጥቅምት 3
ተላጨሁ። እሑድ እሑድ ብቻ ነው የምላጨው፣ ለእህቴ ስል። ጆሮዋ ከደከመ ወዲህ ስልክ አይሆናትም፤ ከንፈሬን እያየች ነው የምትሰማኝ። በኮምፒውተሩ ተያየን። ባለቤቴ ካረፈች ጀምሮ የምትለኝ አንድ ነገር ነው... ና፣ አብረን እንኑር። ዛሬ ግን ሰለቸኝና ሕፃን አይደለሁም አልኳት። «እሺ» ብላ ቶሎ ተሰናበተችኝ። ምነው አፌን በያዝኩት!

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5
ኮምፒውተር ጠጋኙ መጣ። ቫይረሱን ጠራርጎ መከላከያ ፕሮግራም ጫነበት። ሲጠይቅዎት የሚያምኑትን ብቻ ያሳልፉ አለኝ። ሊወጣ ሲል ደግሞ፣ የኢንተርኔት ኩባንያው የት የት እንደምገባ እንደሚያይ በጨዋታ መሃል ጣል አደረገ። በስተርጅና ተመልካች አገኘሁ ማለት ነው።

ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩ ጠየቀኝ። «ይህን ፕሮግራም ታምነዋለህ?» ስሙ የፈረንጅ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት... ምኑን አውቄው? ጠርጥር፣ ከገንፎም ይኖራል ስንጥር። «አግድ» የሚለውን ተጫንኩ። ኩባንያውም የሚያየውን ይጣ።

እሑድ፣ ጥቅምት 10
ተላጭቼ ጠበቅኩ። አልደወለችም። ኩርፊያ መሆኑ ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14
እኔ ልደውል? ታናሽ ነኝ፣ መቅደም ያለብኝ እኔ ነኝ። ግን ባታነሳስ?... አኩርፋ ነው እያልኩ ብቀመጥ ይሻለኛል።

እሑድ፣ ጥቅምት 17
አልደወለችም። ሳልላጭ ዋልኩ። ማን ሊያየኝ? ለዳቦ ሻጩ «ሁለት» ከማለት በቀር ከሰው ጋር አላወራሁም። ኩባንያው ያይሃል ተብዬ ነበር... ታዲያ የእሑዱ ወሬ መቅረቱን ያስተዋለ አንድ ሰው የለም? ብቻዬን ነኝ። መጻፉም ያስፈራል።

እሑድ፣ ጥቅምት 24
ምንም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 27
የእህቴ ጎረቤት በስልክ ደወለች። «እህትዎ፣ ወንድሜን ምን አስቀየምኩት እያሉ እህል አስጠላቸው። በየቀኑ ይደውሉልዎታል እኮ፣ አያነሱም።»

ጠጋኙን ጠራሁት። ከፍቶ አየና ሳቁን ዋጥ አደረገ።

«ጋሼ፣ ያገዱት እርስዎ ነዎት። ይሄ እኮ የመደወያው ፕሮግራም ነው፣ ሰማያዊው።»

ለካስ! በመልኩ እንጂ በስሙ መች አውቀዋለሁ? ኩባንያውስ አልኩት። መከላከያው ለሌባ ነው፣ ኩባንያውን አያስቀረውም፤ መቼና የት እንደገቡ ያያሉ፣ የምታወሩትን ግን አይሰሙም አለ። ይዩ እንግዲህ። መደወያውን «የሚታመኑ» በሚለው ሥር አስገባልኝ። እዚያ ያለው እሱ ብቻ ነው።

ጠጋኙ ሳይወጣ መደወያው ጠራ። እህቴ ብቅ አለች፣ ከስታለች። ይቅርታ አልኳት። ዓይኗን አጥብባ አየችኝ።

«ምን አልክ? ጢምህ አፍህን ሸፍኖታል፣ አይታየኝም።»

ደገምኩላት። አሁንም አልገባትም። እየሳቀች አለቀሰች፣ እኔም እንደዚያው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 28
ጠዋት ተላጨሁ። እሑድ አይደለም። ቀድሜ የደወልኩት እኔ ነኝ። ይቅርታዬን አየችው።