ከሣጥኑ እስከ ደጄ ሁለት ሳምንት

ለተከበሩ ጓድ አስማማው ወልደ ዮሐንስ
የግቢያችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበርና የጋራ ፖስታ ሣጥናችን ቁልፍ ያዥ
ሹም አቦ፣ ባሕር ዳር
ታኅሣሥ 1978 ዓ.ም.

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎ ለወይዘሮ የሺመቤትና ለልጆችዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። ጤናዎ የሁላችንም ጉዳይ ነው፤ እርስዎ ካልተነሡ ስብሰባ የለም፣ ስብሰባ ከሌለ ደግሞ ደብዳቤ የለም።

ሃያ ዓመት ግድግዳ ተጋርተን አንተ ስንባባል ኖረናል። ዛሬ እርስዎ የምልዎ ሹመትዎን አክብሬ ነው። ይህንን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍሁትም ምስጋናዬን ጎረቤት ሁሉ እንዲያነበው ብዬ ነው።

1. ፖስታ ቤት ቤት ለቤት ስለማያድል አዋጥተን አንድ ሣጥን ተከራየን። ቁልፉን ማን ይያዝ ሲባል «አስማማው የሰው አደራ አይበላም» ብዬ የጠቆምሁዎ እኔ ነኝ፤ እጄን ቀድሜ ያነሣሁትም እኔው ነኝ። ስለዚህ የመጀመሪያው ቅሬታዬ ከገዛ እጄ ጋር እንጂ ከእርስዎ ጋር አይደለም።

2. በፊት ደብዳቤውን እንዳመጡ በየበራችን ያደርሱልን ነበር። ለእሑዱ የፖለቲካ ውይይት የሚመጣው ሰው ሲያንስ ግን ከመስከረም ወዲህ ብልሃት አገኙ፤ ደብዳቤ በቤትዎ መሳቢያ ተቆልፎ ይቆይና የሚታደለው ውይይቱ ሲያበቃ ብቻ ሆነ። አዳራሹ ሞላ። የነዋሪው ንቃት ከፍ ማለቱን በሪፖርትዎ መጻፍዎን ሰምቼ ተደስቻለሁ። ወይዘሮ አገርነሽ የመራዊ እኅታቸውን ወሬ ለማግኘት ሲሉ ስለ ምርት ግንኙነት ግማሽ ቀን ማዳመጣቸው አብዮቱን ሳያራምደው አይቀርም።

3. ለብሔራዊ ውትድርና የሄደው ልጄ ሙሀመድሰዒድ ኅዳር ላይ ጻፈልን። ደብዳቤው ከማሠልጠኛው ባሕር ዳር ለመድረስ አራት ቀን ፈጀበት። ከመሳቢያዎ ተነሥቶ ግቢውን አቋርጦ ደጄ ለመድረስ ግን ሁለት ሳምንት ፈጀበት፤ አንዱን እሑድ ለሴሚናር ሄደው ነበርና የመሳቢያው ቁልፍም አብሮዎ ተሰብስቧል።

ልጁ የጻፈው አጭር ነው። ወደ ሰሜን ሊንቀሳቀሱ ነው፤ ሐሙስ ባሕር ዳር ላይ ለምሳ ይቆማሉ። «እማማን ይዘህ መንገድ ዳር ጠብቀኝ፣ አባባ» ይላል። በዚያ ሐሙስ፣ ደብዳቤው ገና መሳቢያዎ ውስጥ ሳለ፣ እናቱ ሐሊማ ከመንገዱ በማይርቀው ሱቋ ጨርቅ ስትለካ ዋለች። የጦሩ መኪኖች ሲያልፉ ያነሡትን አቧራ ከጣቃው ላይ አራግፋለች።

ሁለተኛው ደብዳቤው ባለፈው እሑድ ከውይይቱ በኋላ ታደለን። «ከመሸንቲ ጀምሬ እናንተን ለማየት መኪናው ላይ ቆሜ ነው የመጣሁት። ስላልመጣችሁ አልቀየምሁም፤ ሱቅ ዘግቶ መምጣት ከባድ ነው» ይላል። ይህንን ካነበብሁላት ወዲህ ሐሊማ ሱቋን አልከፈተችም።

ደብዳቤውን ለምን አቆዩብን ብዬ ስጠይቅዎ «ጀላሉ፣ ሥርዓት ሥርዓት ነው፤ ለአንተ ብዬ ባፈርሰው ሌላው ምን ይለኛል?» አሉኝ። ልክ ነዎት። በፖስታው ላይ የነበረውን የእጅ ጽሑፍ ግን ያውቁታል፤ ልጁን በረንዳዎ ላይ አስቀምጠው ፊደል ያስቆጠሩት እርስዎ ነዎት። ያንን ጽሑፍ አይተው መሳቢያውን መቆለፍ የቻለው እጅዎ ጽናት ያስደንቀኛል።

እንዳልረሳነው የሚነግረውን መልስ ልከንለታል። እሱ አምኖን እንደሆነ የምናውቀው ደግሞ በዚያው ሣጥን በሚመጣ ደብዳቤ ነው። ስለዚህ እሑድ ከሁሉ ቀድሜ የፊት ወንበር ላይ እገኛለሁ። አጨብጭብ ሲሉኝ አጨበጭባለሁ፤ እጅህን አንሣ ሲሉኝ አነሣለሁ። ሐሊማም አጠገቤ ትቀመጣለች። አሸንፈውናል።

ለሥርዓት ያለዎትን ፍቅር እያደነቅሁ፣ ሳልዎን ሳይቀር በግድግዳው በኩል እየሰማሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበትዎታለሁ።

ወዳጅዎ የነበርሁ
ጀላሉዲን አደም

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ባለፈው ክረምት ወባ ጥሎዎት የሣጥኑን ቁልፍ ለእኔ በሰጡኝ ሰሞን፣ እናትዎ መድከማቸውን የሚናገረው የወንድምዎ ደብዳቤ ደረሰ። በዝናብ እየሮጥሁ አምጥቼ አልጋዎ አጠገብ አነበብሁልዎ፤ እናትዎንም በሕይወት ደረሱባቸው። እሑድ እስኪመጣ ባለማቆየቴ ይቅርታ ይደረግልኝ።