«የጣቢያዋ ሙሽራ» ለምን ትበልጣለች?

ውድ ባለቤቴ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ ያለዚህች ቃል ስለማይጀመር ነው፤ ሌላ ነገር እንዳይመስልህ። እንዴት ሰነበትክ ብዬ አልጠይቅህም። በየከተማው አዳራሹ ጢም ብሎ እንደሚሞላ፣ ዘፋኛችሁ ወፊቱም በየምሽቱ አበባ እንደሚወረወርላት ሰምቻለሁ። ስልክ ብደውልልህ ደግሞ በሁለት ቃል ታስቀኝና የያዝኩትን ቂም ታስጥለኛለህ። ስለዚህ በጽሑፍ ይሁን፤ ወረቀት ላይ አታቋርጠኝም።

ነገሩ ያው ቡድኑ ለጉዞ ሲነሣ የተደረገው የስንብት ግብዣ ነገር ነው። መለማመጃው ክፍል ውስጥ ተሰብስበን፣ አዘጋጁ ብርጭቆውን ይዞ «እስቲ ንገሩኝ፣ እስከ ዛሬ መድረክ ላይ ከወጡት ሙዚቃዊ ድራማዎች ሁሉ የሚበልጠው የቱ ነው?» ሲል እኔ ሳላመነታ «ሰባቱ ዳቦ ጋጋሪዎች» አልኩ። ለምን እንዳልኩ ታውቃለህ። የተዋወቅነው በእሱ ነው። ሰባቱንም ሽርጥ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ አንተም ከልምምድ በኋላ ጤነኛውን ቁልፍ እየበጠስክ «ቁልፌ ተበጠሰ» እያልክ ትመጣ ነበር። ከዚህ የሚበልጥ ድራማ ከየት ይመጣል? መብራት ሠራተኛው እንኳ ደግፎኛል፤ ሰው ከሳቁ ብዛት ከወንበሩ የወደቀበት ሌላ ድራማ አላየሁም ብሎ።

አንተ ግን፣ በዓመት አንዴ አፍህን የማትከፍተው ከበሮ መቺ፣ ብድግ አልክ። «የለም፤ ‹የጣቢያዋ ሙሽራ› ትበልጣለች። ሁለተኛው ክፍል ላይ ያ ረጅሙ ዘፈን ሲመጣ ዐይኔን ነቅዬ አላውቅም። ይኸው ስንት ዓመት፣ አልጠገብኩትም» አልክ። ዘፈኑ የማን ነው? የወፊቱ። ብቻዋን፣ ነጭ ልብሷን ለብሳ፣ ባቡር እየጠበቀች የምትዘፍነው። ነጩን ልብስ ማን ሰፋው? እኔ። ወገቡንስ ማን አጠበበው? እኔው፣ በገዛ እጄ። ሰው ሁሉ አጨበጨበልህ፣ ወፊቱ መጥታ ግንባርህን ሳመችህ፣ አንተም እንደ ልጃገረድ አቀረቀርክ።

ቤት ገብተን «ከሰባቱ ዳቦ ጋጋሪዎች በምን ይበልጣል?» ስልህ «እንዲሁ ነው፤ ማስረዳት አልችልም» ብለህ ጫማህን መፍታት ቀጠልክ። ወንድ ልጅ ማስረዳት የሚያቅተው ነገር ምን እንደሆነ ሴት ታውቃለች። «እንግዲያው እኔ ጉዞው ላይ የለሁበትም፤ ከወፊቱህ ጋር ሂድ» አልኩህ። ትለምነኛለህ ብዬ ነበር። «እንዳልሽ» አልክ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና በነጋታው ለአዘጋጁ ነገርኩት። ሥራው እንዳይበደል ብዬም በእኔ ምትክ የምትሄደውን ራሴ መረጥኩ፤ ባለ ስርጉዷን፣ አዲሷን ልብስ ሰፊ። ያ ዘፈን ሲጀመር ከመጋረጃው ጀርባ፣ በግራ በኩል፣ ካፖርቱን ዘርግታ የት እንደምትቆም፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ እንዳትነቃነቅ፣ ወፊቱ ስትወጣ እንዴት እንደምትደርብላት አሳየኋት።

ከዚያ ወዲህ ያለውን እናትህ ይንገሩህ። «ቅናት አጥንት ያነቅዛል፣ ልጄ» ቢሉኝ «እማማ፣ እኔን አወፈረኝ እንጂ» አልኳቸው። እውነቴን ነው፤ ስናደድ እበላለሁ። ወፊቱን በሐሳቤ ስንት ጊዜ ከመድረክ እንደጣልኳት አልነግርህም። ድምጿ ደግሞ ያምራል፤ ይኸው ነው የሚያበግነኝ። ትንሽ ቢሻክር ምን ነበረበት?

ትናንት ጠዋት ታዲያ የሙዚቀኞቹን ወንበሮች ጨርቅ እንድቀይር ታዘዝኩና ከመድረኩ ፊት ወዳለው ጉድጓዳችሁ ወረድኩ። ዕድሜዬን በዚህ ቴአትር ቤት ስጨርስ እዚያ ገብቼ አላውቅም። ያንተ ወንበር ጥግ ላይ ነው፣ ከመድረኩ ሥር ገባ ብሎ። ተቀመጥኩበት። ወፊቱን ከየት ሆነህ እንደምታያት አይቼ ይለይልኝ ብዬ ነው። ቀና ብል ጣውላ። ወደ ቀኝ ብዞር ጣውላ። አንገቴን እንደ ዔሊ ባሰግግም ጣውላ። ከዚያ ወንበር ላይ የወፊቱ ጫማ እንኳ አይታይም።

በግራ በኩል ብቻ አንዲት ክፍተት አለች። በእሷ በኩል ጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን ተደግፋ ቆማ ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ ትታየኛለች።

«እዚያ ምን ታደርጊያለሽ?» አልኳት።

«ምን አጠፋሁ እትዬ? እርስዎ ካፖርት ይዘው የሚቆሙበትን እየወለወልኩ ነው» አለችኝ።

በ«ሰባቱ ዳቦ ጋጋሪዎች» ጊዜ የምቆመው በሌላኛው በኩል ነበር። እዚያው ወንበርህ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ጽዳት ሠራተኛዋ ሰው የሞተብኝ መስሏት ውሃ አመጣችልኝ። አንተ ድንጋይ፣ «አንቺን ነው የማየው» ማለት ምን ያቅታል? በየከተማው ከበሮዬ ግራ ጥግ ካልተተከለ አልመታም እያልክ ከዕቃ አውራጆቹ ጋር የምትጨቃጨቀውስ ለዚህ ኖሯል?

ዕንባዬን ሳልጠርግ ግን ሌላ ነገር መጣብኝ። ዛሬ ማታም ዘፈኑ ይዘፈናል። አንተም እንደ ልማድህ ቀና ትላለህ። እዚያ ክፍተት ውስጥ፣ ካፖርቱን ዘርግታ፣ ሳትነቃነቅ የምትቆመው ማን ናት? ባለ ስርጉዷ። ማን መረጣት? እኔ። ቦታውን ማን አሳያት? እኔው።

ወፊቱን «ባለቤቴ ይቅር በዪኝ ብላለች» በልልኝ። ወይም ተወው፤ ግንባርህን መሳሟን ገና አልረሳሁም። ይህን ደብዳቤ ነገ መጋረጃ ጭኖ በሚመጣው ሹፌር ልኬልሃለሁ፤ ከደረሰህ ሰዓት ጀምሮ ዐይንህን ከበሮህ ላይ ትከል። እኔ የዓርቡን አውቶቡስ ቆርጫለሁ፤ ቅዳሜ ማታ ካፖርቱን የምይዘው እኔ ነኝ።

ክርክሩንም ረትተኸኛል። «የጣቢያዋ ሙሽራ» ከሁሉም ትበልጣለች። እስከ ቅዳሜ ድረስ ግን አትበልጥም።

መቅናቷን ያልተወች ሚስትህ